ስጦታ ነው ወይስ ዕዳ?

 

የዛሬው ርዕስ ለወጣት የሚሆን ላይመስላችሁ ይችላል። የኩላሊት ንቅለ ተከላ ነው፤ ይበልጡን ግን ከታማሚው ጎን ሆኖ ያንን ቀን ስለሚጠብቀው የትዳር አጋር ነው። አብዛኞቻችሁ ገና አላገባችሁም። ስለ ኒካሕ ስናወራ መህሩን፣ ሰርጉን፣ የቤት ኪራዩን እናነሳለን። ከሁለታችን አንዳችን ብንታመም ምን እንሆናለን የሚለውን ግን ማንም አያነሳውም። ዛሬ ኢንሻአላህ እሱን አብረን እናስብበት።

ሁለት ጥያቄዎች ደርሰውኛል። የመጀመሪያው ከአንዲት እህት ነው። "ኡስታዝ፣ የባለቤቴ ሁለቱም ኩላሊቶች መሥራት አቁመዋል። አሁን ቤተሰቡ ሁሉ የሚያየው እኔን ነው። እፈራለሁ፤ ልጆቼም ትንንሾች ናቸው። አልችልም ብል አላህ ዘንድ እጠየቃለሁ?" ሁለተኛው ደግሞ ባለቤቱ ኩላሊቷን ሰጥታው ከዳነ ወንድም ነው። "አልሐምዱሊላህ ተሽሎኛል። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤቴ ውስጥ ባለዕዳ ነኝ። ባልስማማ እንኳ ዝም እላለሁ። ይህን በምን እከፍለዋለሁ?"

አንዷ ገና አልሰጠችም፣ ሌላው ተቀብሏል። ሁለቱን የሚያስጨንቃቸው ግን አንድ ነገር ነው። በባልና ሚስት መካከል በሕመም ጊዜ የሚሰጠው ነገር ስጦታ ነው ወይስ ዕዳ? ዕዳ ከሆነ እህታችን መክፈል አለባት፣ ወንድማችንም ዕድሜ ልኩን ሲከፍል ይኖራል። ስጦታ ከሆነ ግን ሁለቱም ነጻ ናቸው።

መልሱን ከመፈለጋችን በፊት መጠበቁ ራሱ ምን እንደሚመስል እንወቅ፤ ብዙዎቻችን ከሩቅ ነው የምናየው።

ኩላሊት ሥራ ሲያቆም ቆሻሻውም፣ የማይፈለገው ውሃም ከደም አይወጣም። ስለዚህ ደሙ በቱቦ ወጥቶ በማሽን ይጣራና ይመለሳል። እጥበት የምንለው ይህንን ነው። አንዱ ዙር 4 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። በሳምንት 3 ጊዜ ማድረግ የተለመደ ሕክምና ቢሆንም፣ በአገራችን ወጪውን መቋቋም አቅቶት በ2 የሚወሰን ብዙ ሰው አለ። ከእጥበት ሲመለስ ድካም ይጥለዋል። በማግስቱ ትንሽ ይነቃል፣ ከዚያ ደግሞ ተራው ይደርሳል።

ታማሚው የሚጠጣው ውሃ በልክ ነው፤ ከልክ ካለፈ ውሃው ሳንባው ላይ ይጠራቀምና መተንፈስ ያቅተዋል። እኛ በረመዷን ስንጠማ መግሪብ እንደሚመጣ እናውቃለን። የእሱ ጥም መግሪብ የለውም። ሙዝ፣ አቮካዶ፣ ብርቱካን፣ ድንች በውስጣቸው ባለው ፖታሲየም ምክንያት ለእሱ አደገኛ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ፖታሲየም በደም ውስጥ ሲበዛ ልብን እስከ ማቆም ይደርሳል። ለእጥበት በተዘጋጀው ክንዱ ላይ የደም ግፊት አይለካም፤ ከባድ ዕቃም አይሸከምበትም።

አሁን ይህን ሁሉ በቤት ውስጥ ማን እንደሚያስታውስ አስቡ። ውሃውን በብርጭቆ የምትለካው፣ ለልጆቹ የሚቀመሰውን ወጥና ጨው የሌለበትን ለይታ የምትሠራው፣ ዘመድ በደግነት ጁስና ሙዝ ይዞ ሲመጣ ሳታስቀይም የምትመልሰው፣ ሌሊት አተነፋፈሱን የምታዳምጠው እሷ ናት። ወይም ባል ሆኖ ለሚስቱ ይህን የሚያደርግ ወንድ ነው። ቋንቋችን ለዚህ ሰው ጥሩ ስም አለው፤ አስታማሚ ይባላል። ሰው ቤቱ ሲገባ ግን "እንዴት ዋለ?" ብሎ የሚጠይቀው ስለ ታማሚው ብቻ ነው።

በአሜሪካና በአውሮፓ ያሉ ዘመዶቻችን ሲታመሙ ስማቸው በተራ ዝርዝር ውስጥ ይገባል። ከሞተ ሰው የተገኘ ኩላሊት ሲደርሳቸው ይደወልላቸዋል፤ ጥበቃው ዓመታት ሊወስድ ይችላል። በእኛ አገር የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ የተደረገው በመስከረም 2008 ዓ.ም (እ.ኤ.አ. 2015) አዲስ አበባ በሚገኘው ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ ነው። ሥራው የተመሠረተው በሕይወት ባለ ዘመድ ልገሳ ላይ ነው። ስለዚህ እዚህ መጠበቅ ማለት ስልክ መጠበቅ አይደለም፤ ሰው መጠበቅ ነው። "እኔ እሰጣለሁ" የሚለው ማን ይሆን? ሁሉም አንድ ትሪ ከበው እየበሉ፣ ሁሉም ይህንኑ እያሰበ፣ ማንም ግን አያነሳውም።

ዓይን ቶሎ የሚያርፈው ደግሞ በትዳር አጋር ላይ ነው። ለዚህ ምክንያት አለ። እ.ኤ.አ. በ1995 የታተመ ሰፊ ጥናት፣ ከባል ወይም ከሚስት የተሰጠ ኩላሊት የደም ዝምድና ባይኖርም ከወላጅ ከተሰጠው ባልተናነሰ እንደሚሠራ አሳይቷል። ይህ ትልቅ ራሕመት ነው። ግን በዚያው ልክ ከባድ ጥያቄ ይዞ መጥቷል።

አሁን ከሲራችን አንድ ታሪክ እናስታውስ። ዑስማን ኢብኑ ዐፋን (ረ.ዐ) እና የረሱላችን (ሰ.ዐ.ወ) ልጅ ሩቀያ (ረ.ዐ) ባልና ሚስት ነበሩ። እኛ ሀበሾች ልዩ ፍቅር ልንሰጣቸው ይገባል፤ በመካ መከራው ሲበዛ አብረው ወደዚህ ወደ ሀበሻ ምድር ተሰደው በነጃሺ ጥላ ሥር ኖረዋልና። ኋላ መዲና ገቡ። በሁለተኛው ዓመተ ሂጅራ፣ በወርሃ ረመዷን ሙስሊሞች ወደ በድር ሲወጡ ሩቀያ ታማ ተኝታ ነበር።

በድር ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። የበድር ሰው መሆን በሰሐቦች ዘንድ ወደር የሌለው ክብር ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ግን ዑስማንን ከሚስቱ ዘንድ እንዲቆይ አዘዙት። በድር ላይ የተገኘ ሰው የሚያገኘውን አጅርም ድርሻም እንደሚያገኝ ነገሩት። ከምርኮው እንደ ተዋጊዎቹ ተካፈለ። ቡኻሪ የዘገቡት ነው። አስታማሚዋ እህቴ፣ አስታማሚው ወንድሜ፣ ይህን ያዙልኝ። በአልጋ አጠገብ መቀመጥ ከሜዳው መቅረት ተብሎ አልተቆጠረም።

ታሪኩ ግን በዚህ አያበቃም። ሩቀያ አልዳነችም። የድሉ ብሥራት መዲና ሲደርስ ሰዎች ከቀብሯ ላይ እንደነበሩ የሲራ ጸሐፊዎች ይነግሩናል። ዑስማን አስታመማት፣ እሷም ወደ አኺራ ሄደች፤ አጅሩም ድርሻውም ሙሉ ነበር። የአስታማሚ ሥራ በታማሚው መዳን አልተለካም። አላህ የሚቀበለው ድካሙን ነው፤ ሽፋው በእሱ እጅ ነው። ኋላ እንመለስበታለን፤ የተተከለ ኩላሊትም አንድ ቀን ሊደክም ይችላልና።

"ግን እኔ እንደ ዑስማን አይደለሁም። እናደዳለሁ፣ እሰለቻለሁ፣ አንዳንዴ ሽንት ቤት ገብቼ አለቅሳለሁ" የምትሉ አላችሁ። የነቢዩ አዩብን (ዐ.ሰ) ቤት ተመልከቱ። ሁላችንም የምናወራው ስለ እሳቸው ሶብር ነው። ሙፈሲሮች እንደሚነግሩን ሰው ሁሉ ሲርቃቸው ሚስታቸው አልራቀቻቸውም። ሆኖም በዚያ ረጅም ሕመም ውስጥ በአንድ ጉዳይ ተቆጥተውባት፣ ሲድኑ መቶ ጊዜ ሊመቷት መሐላ ገቡ ይላሉ። የሶብር ምሳሌ በሆነው ቤት ውስጥ እንኳ ሕመም እንዲህ ያለ ቃል አናገረ። አላህ (ሱ.ወ) አዩብን ካዳነ በኋላ ያቺን ሴት አልረሳትም። በሱረቱ ሷድ እንደተነገረን፣ አንድ እስር ቀጫጭን ጭራሮ ይዘው በእሱ አንዴ እንዲነኩና መሐላቸውን እንዳያፈርሱ አዘዛቸው። መሐላው ተጠበቀ፣ እሷም አልተጎዳችም። የታማሚው ፈውስና የአስታማሚዋ ክብር በአንድ ቦታ ተነገሩ። ስለዚህ በሕመም ቤት ውስጥ ቁጣ መነሳቱ ትዳሩ ፈረሰ ማለት አይደለም። ቁጣው ሌላውን እንዳይሰብር መውጫ መፈለግ ግን ከእኛ ይጠበቃል።

አሁን ወደ እህታችን ጥያቄ እንምጣ። መስጠት ግዴታ ነው?

መጀመሪያ ነገሩ ምን ያህል ከባድ እንደነበረ እንወቅ። በዓለም የመጀመሪያው የተሳካ የኩላሊት ንቅለ ተከላ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1954 በአሜሪካ ቦስተን ከተማ፣ በመንትያ ወንድማማቾች መካከል ተደረገ። ቀዶ ሕክምናውን የመራው ዶክተር ጆሴፍ መሪ ነበር። ሐኪሞቹን ያስጨነቃቸው የእጅ ሙያ ብቻ አልነበረም። ምንም ያላመመውን ጤነኛ ሰው ለሌላ ሰው ብሎ መቅደድ ይቻላል ወይ የሚል ጥያቄ ነበር።

የእኛ ዑለማዎችም በዚሁ ላይ ተከራክረዋል። አካላችን የእኛ ንብረት አይደለም፤ ከአላህ የተሰጠን አማና ነው። አማናን ደግሞ እንደፈለጉ አይሰጡትም። በዚህ መነሻ የከለከሉ ታላላቅ ዓሊሞች አሉ። ብዙኃኑ የዘመናችን የፊቅህ ጉባኤዎች ግን ፈቅደዋል። የሳዑዲ ታላላቅ ዑለማዎች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1982፣ ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ ደግሞ በ1988 ጂዳ ላይ ውሳኔያቸውን አውጥተዋል። የአካዳሚው ውሳኔ ቅድመ ሁኔታዎችን አስቀምጧል። የለጋሹ ሕይወት በዚያ አካል ላይ የተንጠለጠለ መሆን የለበትም። የሚገኘው ጥቅም ከጉዳቱ መብለጥ አለበት። ለጋሹ ለአካለ መጠን የደረሰ፣ በራሱ ፍላጎት የፈቀደ መሆን አለበት። አካልን መሸጥ ግን በምንም መልኩ አይቻልም።

"በራሱ ፍላጎት" የሚለውን ልብ በሉ። የተፈቀደው ስጦታ ነው። "ካልሰጠሽ እፈታሻለሁ" ተብሎ የተገኘ እሺታ ስጦታ አይደለም። አማት እያለቀሱ፣ ዘመድ ዙሪያውን ተቀምጦ፣ "እኛ እኮ አናስገድድሽም፤ ግን…" እየተባለ የተገኘ እሺታም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ስለዚህ እህቴ፣ መልሱ ይህ ነው። ብትሰጪ ታላቅ ኢሕሳን ነው። ባትሰጪ ግን ግዴታ የሆነብሽን ነገር አልተውሽም።

አንድ ሰው እንዲህ ሊለኝ ይችላል፦ "ኡስታዝ፣ ቁርኣን ባልና ሚስት አንዱ ለሌላው ልብስ ነው ይላል። አንድን ነፍስ ያዳነ ሰዎችን ሁሉ እንዳዳነ ነው ይላል። ታዲያ ባሏ እየሞተ እንዴት ግዴታ አይሆንባትም?" ጥሩ ጥያቄ ነው፤ በቸልታ አልፈዋለሁ አልልም።

ልብስ ገላን ይሸፍናል፣ ያሞቃል፣ ነውርን ይደብቃል፤ ገላን የራሱ አያደርግም። ኒካሕ ብዙ ሐቅ ያመጣል። ቀለብ፣ መኖሪያ፣ መልካም አኗኗር፣ ምስጢር መጠበቅ። የሌላውን አካል ባለቤትነት ግን አላመጣም። ነፍስ ማዳንን በተመለከተ ደግሞ፣ ሰው ወንዝ ሲወስደው ያየ ሁሉ መርዳት አለበት፤ ገመድ ይወረውራል፣ ይጮሃል፣ ሰው ይጠራል። ዋና የማይችለው ግን ዘሎ እንዲገባ አይገደድም። ቀዶ ሕክምናው ለአብዛኛው ለጋሽ በሰላም ያልፋል፤ አደጋው ትንሽ ቢሆንም አለ። አንዷ የወደፊት እርግዝናዋን ታስባለች። አንዷ የደም ግፊት አለባት። አንዷ ደግሞ በቃ ትፈራለች። ፍርሃት ወንጀል አይደለም።

ጥሩ የንቅለ ተከላ ማዕከላት ለጋሹን ከቤተሰቡ ለይተው ብቻውን የሚያናግሩት ለዚህ ነው። በዚያ ክፍል ውስጥ "አልፈልግም" ያለ ሰው ምስጢሩ ተጠብቆለት ይወጣል። ይህን ስሰማ የፊቅህ መጽሐፎቻችን ስለ ውዴታ የሚሉትን አስታወሰኝ። ውዴታ የሚኖረው እምቢ ለማለት ቦታ ሲኖር ነው።

እናንት ወንድሞች፣ እዚህ ላይ ትንሽ ቁሙ። በብዙ አገሮች የተሰበሰቡ መረጃዎች እንደሚያሳዩት ለባሎቻቸው ኩላሊት የሚሰጡ ሚስቶች ለሚስቶቻቸው ከሚሰጡ ባሎች ይበልጣሉ። ከፊሉ ሕክምናዊ ምክንያት አለው፤ እርግዝና የሴቷን ደም ከባሏ አካል ጋር እንዳይስማማ ሊያደርግ ይችላል። ሁሉም ግን በዚህ አይገለጽም። ሴት ስትታመም "ዘመዶቿ ይፈልጉላት" የምንል፣ ወንድ ሲታመም "ሚስቱ አለች" የምንል ከሆነ ችግሩ ከደም ዓይነት አይደለም። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በቤታቸው ምን ይሠሩ ነበር ተብለው ሲጠየቁ ቤተሰባቸውን ያገለግሉ እንደነበር ነግረውናል። ማስታመም የሴት ሥራ ነው የሚል ሱና የለም።

ደግሞም ኩላሊቷን ያልሰጠች ሚስት ምንም አልሰጠችም ማለት አይደለም። ከላይ የቆጠርናቸውን አስታውሱ። ውሃውን መለካት፣ ሌሊቱን መንቃት፣ ከሥራ ፈቃድ መለመን፣ በእጥበት ማዕከሉ ኮሪደር ላይ ለአራት ሰዓት መቀመጥ፣ ይህንንም በሳምንት ሁለትና ሦስት ጊዜ ለዓመታት መደጋገም። ኩላሊት አንዴ ይሰጣል። ይህ ግን በየቀኑ የሚሰጥ ነው፤ ማንም ፎቶ አንስቶ አይለጥፈውም።

አሁን ወደ ወንድማችን እንሂድ። ተቀብሏል፣ ድኗል፣ ተጨንቋል።

ብዙ ሰው የቀዶ ሕክምናው ቀን መጨረሻው ይመስለዋል። አይደለም። አዲሱ ኩላሊት የሚቀመጠው በሆድ ታችኛው ክፍል በአንድ ጎን ነው፤ የድሮዎቹ ብዙ ጊዜ ባሉበት ይተዋሉ። ሰውነት ግን አዲሱን እንግዳ አድርጎ ያየዋል፤ ሊያጠቃውም ይነሳል። ስለዚህ የመከላከል አቅምን የሚያለዝቡ መድኃኒቶች በየቀኑ፣ በሰዓታቸው፣ ኩላሊቱ እስካለ ድረስ ይወሰዳሉ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ኢንፌክሽን በቀላሉ ይይዛል፤ ሰው ከበዛበት ቦታ መራቅ ያስፈልጋል። በዚያ ጊዜ ከጁሙዓ ሶላት መቅረት ዑዝር ነው፤ "ድኖ መስጂድ አይመጣም" ብላችሁ አትሙት። ከመድኃኒቶቹ አንዳንዱ፣ በተለይ ፕሬድኒሶሎን፣ ፊትን ያብጣል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ ጠባይንም ሊለውጥ ይችላል። ሚስት "ከዳነ በኋላ ተለወጠብኝ" ስትል አንዳንዴ የተለወጠው ባሏ ሳይሆን መድኃኒቱ ነው። ለሐኪሙ መንገር ነው።

ሌላም ነገር አለ። ለዓመታት ቤቱን ብቻዋን የመራችው ሚስት አሁን ባሏ ተነስቶ "ይህን እኔ ልወስን" ይላታል። እሱ መድከሙን ረስቷል፤ እሷ ድካሟ ገና አልወጣላትም። ሰጪዋም እሷ ከሆነች ራሷ ከቀዶ ሕክምና እያገገመች ነው፤ የሚያስታምማት ትፈልጋለች። ብዙ ትዳር የሚፈተነው በመጠበቁ ጊዜ ብቻ ሳይሆን በዚህ ጊዜም ጭምር ነው።

በዚህ መካከል ነው "ዕዳ" የሚለው ቃል የሚገባው። አንድ ቀን በንዴት "እኔ እኮ ኩላሊቴን የሰጠሁህ ነኝ" ትለዋለች። ወይም እሷ ምንም ሳትል እሱ ራሱ በልቡ እየቆጠረ ይኖራል።

ለሰጪ፦ አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል በቀራ ሶደቃችንን በመመጻደቅና በማስከፋት እንዳናበላሸው አስጠንቅቆናል። ስለ ሳንቲም እንዲህ ከተባለ ስለ ኩላሊትማ እንዴት ይሆን! ለአላህ ብለሽ የሰጠሽው ከአንቺ ወጥቷል፤ አጅሩ በእሱ ዘንድ ነው። በየጠቡ መካከል ወደ ጠረጴዛ የሚመጣ ከሆነ ስጦታውን ወደ ብድር እየለወጥሽው ነው። በሱረቱል ኢንሳን የተመሰገኑትን ሰዎች አስታውሺ፤ ለችግረኛ ሲያበሉ ዋጋም ምስጋናም አልፈለጉም።

ለተቀባይ፦ አንተም ያልተጠየቅከውን ዕዳ በራስህ ላይ አትጻፍ። ምስጋና ግዴታህ ነው፤ ሰውን የማያመሰግን አላህን አያመሰግንም ተብለን ተምረናል። ምስጋና ግን ዝምታ አይደለም። ሚስትህ የሰጠችህ ሕያው ባል እንድትሆናት ነው፤ የሚፈራት አገልጋይ እንድትሆን አይደለም። አለመስማማት ሲኖር በአክብሮት ተናገር። ምስጋናህን ደግሞ በሥራ አሳይ። መድኃኒትህን በሰዓቱ ውሰድ፣ ቀጠሮህን አትዝለል። "የባህል መድኃኒት ነው፣ ምንም አያደርግም" የተባለውን ሁሉ ሐኪምህን ሳትጠይቅ አትቅመስ፤ አንዳንዱ ከመድኃኒትህ ጋር ይጋጫል። በረመዷን "ካልጾምኩ ሙስሊም አይደለሁም" ብለህ አማናህን አትጉዳ፤ ሐኪምህን ጠይቅ፣ አላህ ለታማሚ የሰጠውን ሩኽሷ ተቀበል። የተሰጠህን መጠበቅ ከቃል በላይ የሆነ ምስጋና ነው።

የተተከለ ኩላሊት ዘላለማዊ አይደለም። ብዙውን ጊዜ ለዓመታት፣ አንዳንዱም ከሃያ ዓመት በላይ ይሠራል፤ አንዳንዱ ግን ቶሎ ይደክማል። ያን ጊዜ ሰጪው "በከንቱ ሰጠሁ" ይላል፣ ተቀባዩም "አባከንኩባት" ብሎ ያፍራል። ለዚህ ነው የሩቀያን ቀብር ቀድመን ያነሳነው። ዑስማን ካስታመማት በኋላ ሩቀያ ሞታለች፤ ከበድር ድርሻው ላይ ግን አንድ ዲርሃም አልተቀነሰም። መድኃኒቱን ሳይጥል፣ አማናውን ሳይንቅ ኩላሊቱ የደከመበት ሰው ጥፋተኛ አይደለም። የሰጠውም አልከሰረም።

እንግዲህ ስጦታ ነው ወይስ ዕዳ? ከቁርኣናችንም ከሲራችንም የምረዳው ይህ ነው። በትዳር ውስጥ ሐቅ አለ፣ ፈድልም አለ። ሐቅ ይጠየቃል፤ ፈድል አይጠየቅም፣ ይሰጣል። አላህ በሱረቱ ሩም በባልና ሚስት መካከል ፍቅርንና እዝነትን እንዳደረገ ነግሮናል። ሰው ጤነኛ ሲሆን ፍቅሩ ይበቃን ይመስለናል፤ ስንታመም እዝነቱ ለምን እንደተጨመረ ይገባናል። እዝነትን በግድ ካስወጣነው ግብር ይሆናል፤ ከሰጠን በኋላ ከቆጠርነው ደግሞ ብድር ይሆናል።

እኛስ ምን እናድርግ? "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" ይላሉ አባቶቻችን። በሰፈራችሁ እጥበት ላይ ያለ ሰው ካለ አስታማሚውን ጠይቁ፤ "አንቺስ እንዴት ነሽ?" በሏት። "ሶብር አድርጊ" ብላችሁ ብቻ አትሂዱ። ከሳምንቱ አንዱን የእጥበት ቀን እናንተ ውሰዱላት፤ እሷ አራት ሰዓት ትተኛ። ልጆቹን ከመድረሳ አምጡላት። ምግብ ስትወስዱ አስቀድማችሁ ምን እንደሚበላ ጠይቁ። ዘካ የምታወጡ፣ ሕክምናው ለድህነትና ለዕዳ ከዳረገው ቤት ጀምሩ። ገንዘብ ስታሰባስቡ የታማሚውን ክብር ጠብቁ፤ ቱቦ የተሰካበት ፎቶ ያለ ፈቃዱ አይለጠፍም። የራሳችሁንም አትርሱ። ኩላሊትን ከሚጎዱት ዋና ዋናዎቹ የደም ግፊትና የስኳር በሽታ ናቸው፤ ሁለቱም ሳይታወቁ ለዓመታት ይቆያሉ። እናንተም ተለኩ፣ ወላጆቻችሁንም አስለኩ። ለኒካሕ የምትዘጋጁ ደግሞ አንድ ጥያቄ ጨምሩ፦ "ብታመም እዝነትህን አገኛለሁ? ብትታመሚ እዝነቴን ታገኛለሽ?"

ዛሬ ጁሙዓ ነው፤ ዱዓ ተቀባይነት የሚያገኝበት ሰዓት አለበት። ከዐስር በኋላ እጃችሁን ስታነሱ ታማሚውን ብቻ ሳይሆን አስታማሚውንም በስሙ ጥሩት።

አላህ ሆይ፣ በእጥበት ማሽን ላይ ያሉትን ሁሉ ሽፋ አድርጋቸው። በየኮሪደሩ የሚጠብቋቸውን ጉልበት ስጣቸው። የሰጡትን ተቀበላቸው፣ መስጠት ያልቻሉትንም ከሰው ምላስ ጠብቃቸው። የተቀበሉትን በአማናቸው አጽናቸው። በቤቶቻችን ፍቅርንና እዝነትን አኑር። አሚን።

በረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ሶለዋት አብዙ። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።